ለክረምት ብቅል የጓሮ ማድረቂያ አሠራር

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለችው ገፈርሳ ብቅል በብዛት የሚፈለግበት ጊዜና ፀሐይ የምትጠፋበት ጊዜ አንድ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል የሚጠመቀው ጠላ ብቅሉ የሚነከረው በነሐሴ ነው፤ በነሐሴ ደግሞ ጉሙ ሳይገፈፍ ይረፍዳል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል። በጥር በጥቂት ቀን የሚደርቅ ብቅል በነሐሴ ሸራ ላይ ተሰጥቶ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር እየታፈሰ፣ ከሳምንት በላይ ይንገላታል። እርጥብ ብቅል ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ዝም ብሎ አይጠብቅም። ከተከመረ ከውስጡ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ከዚያ ሻጋታ ያወጣል። የሻገተ ብቅል ታጥቦም ታምሶም አይድንም፤ አንዳንዱ ሻጋታ እህሉ ላይ ትቶት የሚሄደው መርዝ በምጣድ እሳት አይጠፋምና። እንዲህ ያለውን ብቅል መጣል ነው እንጂ «ጌሾው ያሸንፈዋል» ብሎ መጥመቅ እንግዳን መበደል ነው።

ከዚህ በታች የምገልጸው በአንድ ጊዜ 10 ኪሎ ገብስ የሚያነሳ፣ በብሎኬትና በላሜራ የሚሠራ የጓሮ ማድረቂያ ነው። ለጠላ ጠማቂ፣ ለአረቄ አውጪ፣ ብቅል አዘጋጅቶ ለጉልት ለሚያቀርብ ሰው ይሆናል። ገፈርሳን ይዤ ብናገርም በቡራዩ፣ በሱሉልታና በሰበታም አሠራሩ ያው ነው፤ ሱሉልታ ላይ ብርዱ ስለሚጠነክር ግድግዳውን በደንብ መምረግ ያስፈልጋል እንጂ ሌላ ለውጥ የለውም።

ከአየርና ከእሳት የቱ ይቀድማል?

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ፦ ብቅል መጀመሪያ የሚደርቀው በአየር ነው፤ ሙቀት የሚጨመርለት ከደረቀ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። እሳቱን ያፋፍማል፣ አየር ማውጫውን ይዘጋል፣ ብቅሉም በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል።

ለምን እንደሚጎዳው ልንገርዎ። 10 ኪሎ ገብስ ተነክሮ ከበቀለ በኋላ 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከክብደቱ ግማሽ ለመሆን ጥቂት የጎደለው ውኃ ነው። በደንብ ሲደርቅ 9 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ 6 ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ከማድረቂያው መውጣት አለበት፤ የሚያወጣው ደግሞ የሚያልፈው አየር ነው። ገብሱን ያበቀልነው ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች እንዲፈጠሩበት ብለን ነው። እነዚህ ኢንዛይሞች እህሉ እርጥብ ሳለ 60 ዲግሪ ቢያገኛቸው ይሞታሉ፤ እህሉ ከደረቀ በኋላ ግን 80 ዲግሪም ቢደርስባቸው ብዙዎቹ ይተርፋሉ። በጋን ውስጥ ዱቄቱ ወደ ስኳር የሚለወጠው በእነሱ ሥራ ነው፤ ስኳሩን ደግሞ እርሾው ወደ አልኮል ይለውጠዋል። እርጥቡን የቀቀለ ሰው መልኩ ብቅል የሆነ፣ ሥራው ግን የጠፋ እህል ይቀርለታል።

የአሰላና የጎንደር ብቅል ፋብሪካዎችም፣ ደብረ ብርሃን ላይ የተተከለው ቡርትማልትም የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። ቀዳዳ ባለው ወለል ላይ ብቅሉ ይነጠፋል፣ ከሥር በትልቅ ማራገቢያ ሞቅ ያለ አየር ይነፋበታል፣ ውኃው ካለቀ በኋላ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል። እኛ ማራገቢያውን በሞቃት አየር ስበት እንተካዋለን። ሞቃት አየር ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርምና መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጭሱ ነው። ቀላሉ ዘዴ ከሥር ከሰል አቀጣጥሎ ከላይ ብቅሉን ማስቀመጥ ነው፤ እኔ ግን አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በጀርመን በተደረገ ምርመራ ቢራ ውስጥ ናይትሮሶአሚን የተባለ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ተገኘ። ምንጩ ሲፈለግ የእሳቱ ጋዝ በቀጥታ እየነካው የደረቀ ብቅል ሆነ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ብቅል ፋብሪካዎች እሳቱንና ብቅሉን የሚነካውን አየር ወደ መለየት ዞሩ። እኛም ጓሯችን ውስጥ ይህን ማድረግ እንችላለን፤ የሚያስፈልገው አንድ የላሜራ ምድጃና አንድ ቱቦ ነው። የጭስ መዓዛ ለሚወድ ሰው ጋኑ የሚታጠንበት ወይራ ይበቃዋል።

የሚገዛው ዕቃ

ባለ 15 ብሎኬት 50 ያህል፤ ለምርጊት ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ፤ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ፤ ዲያሜትሩ 10 ሴንቲሜትር የሆነ የብረት ቱቦ፤ የሽቦ ወንፊት፤ ለመሳቢያ የሚሆን ደረቅ ጣውላ፤ ለጣሪያ አንድ ቆርቆሮ፤ ዘንግ ያላቸው ሁለት ቴርሞሜትሮች፤ የኪሎ ሚዛን።

ላሜራውን ሲገዙ ነጩን፣ ዚንክ የተቀባውን አይውሰዱ። ዚንክ ከእሳት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ጭስ ያሳምማል፤ ለበያጁም ለእርስዎም አይበጅም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሸጥ አሮጌ በርሜል ቆርጦ ምድጃ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ምን ይዞ እንደነበር የማይታወቅ በርሜል አይግዙ። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ሲቆረጥ ሊፈነዳ ይችላል። ወንፊቱም የብረት ሽቦ ይሁን። ለመስኮት የሚሆነው የፕላስቲክ መረብ ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳል፣ ለብቅሉም ሽታ ይሰጠዋል። ቀዳዳው 2 ሚሊሜትር ያህል ከሆነ አየር ያሳልፋል፣ እህል አይጥልም።

አሠራሩ

ቦታው ከቤትና ከሣር ክዳን የራቀ፣ ውኃ የማይተኛበት ይሁን። ከላይ የዝናብ መጠለያ ቢኖረው መልካም ነው፤ ግድግዳ ባለው ክፍል ውስጥ ግን ፈጽሞ አይሥሩት። ከሰልና ፍም የሚያወጡት ሽታ የሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ በየክረምቱ ብርድ ሸሽተው ከሰል ይዘው የተኙ ሰዎች ዜና የምንሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ብሎኬቱን ውስጡ 60 በ60 ሴንቲሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር ከ40 እንዲሆን አድርገው ይደርድሩ። ማያያዣው ጭቃ ይሁን፤ ሲሚንቶ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቁበት ይሰነጠቃል፣ ጭድ ያለው ጭቃ ግን ይችለዋል፣ ቢሰነጠቅም መልሶ መምረግ ቀላል ነው። በግራና በቀኝ ግድግዳ፣ ከመሬቱ እኩል፣ አንዳንድ ግማሽ ብሎኬት ሳያስገቡ ይተዉ፤ ንጹሑ አየር የሚገባው በእነዚህ ነው። የፊቱ ግድግዳ እስከ 80 ሴንቲሜትር ብቻ ይውጣና ከዚያ በላይ ያለው በር ይሁን፤ መሳቢያዎቹ የሚገቡትና የሚወጡት በዚያ ነው።

ምድጃው ወርዱም ቁመቱም 30፣ ርዝመቱ 60 ሴንቲሜትር የሆነ የላሜራ ሳጥን ነው። አፉ ከፊት ግድግዳው እኩል ይቀመጥ፤ በሩ ከውጭ ይከፈት። 10 ሴንቲሜትር እግር ይኑረው፤ አየሩ ከሥሩም እየዞረ እንዲሞቅ ነው። ከጀርባው የሚወጣው ቱቦ የኋላውን ግድግዳ በስቶ ወደ ላይ ይታጠፍና ከጣሪያው ግማሽ ሜትር ያህል አልፎ ይቁም። ለበያጁ አጥብቀው ይንገሩት፦ መጋጠሚያው ምንም ክፍተት እንዳይኖረው። ሲጨርስ ውስጡ እርጥብ ቅጠል አጭሰው ይሞክሩት። ጭስ ወደ ማድረቂያው ውስጥ ከሾለከ መልሶ ይበይደው።

ከምድጃው በላይ 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገው 45 በ45 የሆነ ላሜራ በአራት ብረት እንደ መከታ ያንጠልጥሉ። ብዙ ሰው ይህን ትርፍ ይመስለዋል፤ የማድረቂያውን ዕድሜ የሚወስነው ግን እሱ ነው። አንደኛ፣ የምድጃው ግለት መሐል ያለውን ብቅል እንዳያሳርር ሙቀቱን ወደ ጎን ይበትነዋል። ሁለተኛ፣ ብቅል ሲደርቅ ሥሩ እየተሰበረ በወንፊቱ ይወርዳል፤ ይህ ደቃቅ የጋለ ምድጃ ላይ ሲያርፍ ይቀጣጠላል። መከታው ላይ ሲወድቅ ግን ጠርገው ያወጡታል። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ይጥረጉት።

ብቅሉ የሚነጠፍባቸው ሁለቱ መሳቢያዎች ጠርዛቸው ጣውላ፣ ወለላቸው የሽቦ ወንፊት ነው፤ የታችኛው ከመሬት 90፣ የላይኛው 115 ሴንቲሜትር ላይ ይቀመጥ። ከግድግዳው ጋር በደንብ ይግጠሙ፤ በጎን ክፍተት ካለ አየሩ ብቅሉን ትቶ በዚያ ያመልጣል።

ጣሪያው ላይ ገፈርሳ የራሷ ችግር አላት። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከብቅሉ የወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሲነካ ውኃ ይሆንና መልሶ ብቅሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሲከፍቱት የላይኛው መሳቢያ መሐሉ ረጥቦ ያገኙታል። መድኃኒቱ ቆርቆሮውን ወደ ኋላ አዘቅዝቆ መግጠምና ከላዩ ጭድ የተሞላ ጆንያ መደረብ ነው። ከጣሪያው መሐል 20 በ20 የሆነ የእንፋሎት መውጫ ይተዉ፤ ላዩን የሚከድንና የሚገለጥ ላሜራ ያድርጉለት፤ ዝናብ እንዳይገባም ከፍ ያለ ባርኔጣ ይሥሩለት።

ቴርሞሜትሩን ይፈትኑ

አንዱ ቴርሞሜትር ከታችኛው መሳቢያ ሥር፣ ሌላው ከላይኛው መሳቢያ በላይ በግድግዳው ቀዳዳ ይግባ። ከመግጠምዎ በፊት ሁለቱንም በሚፈላ ውኃ ይፈትኗቸው። ገፈርሳ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። 91 ካነበበ ደህና ነው። «100 አላለም» ብለው እንዳይጥሉት፤ 100 የሚለው ነው የተበላሸው።

የማድረቁ ሥራ

ብቅሉ ለማድረቂያ መቼ እንደደረሰ በዓይን ይለዩታል። አንድ ፍሬ ወስደው ገለባውን በጥፍር ይላጡ፤ ከጀርባው የሚሮጠው ቡቃያ የፍሬውን ርዝመት ሦስት አራተኛ ካለፈ ይበቃዋል። ቡቃያው ከገለባው ወጥቶ ከረዘመ እህሉ ለራሱ ብዙ በልቷል። በኮባ ቅጠል ሸፍነው ያበቀሉት ከሆነ ሥሩ ተቆላልፎ እንደ ጨርቅ ይያያዛል፤ መሳቢያው ላይ ከመነጠፉ በፊት በእጅ ቀስ ብለው ያላቅቁት። የተያያዘው ጓል ከውጭ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ሻጋታ የሚነሳውም ከዚያ ነው።

ይመዝኑትና ክብደቱን በሩ ላይ በጠመኔ ይጻፉ። ከዚያ ለሁለቱ መሳቢያ እኩል ያካፍሉ፤ ውፍረቱ ከ5 ሴንቲሜትር አይለፍ።

እሳቱን በትንሹ ይጀምሩ። የአካባቢያችን ባሕር ዛፍ በደንብ ከደረቀና በቀጭኑ ከተፈለጠ ጥሩ ማገዶ ነው፤ አንድ ሁለት ፍልጥ እየጨመሩ መሄድ ይሻላል፣ ምድጃውን መሙላት አይገባም። የአየር ማስገቢያዎቹም የእንፋሎት መውጫውም ሙሉ በሙሉ ይከፈቱ። የታችኛው ቴርሞሜትር ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ይቆይ፤ 50 እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። በዚህ ጊዜ የላይኛውን ሲያዩት 25 ወይም 28 ላይ ቆሞ ያገኙታል። ምድጃው ደክሞ አይምሰልዎ። አየሩ ሙቀቱን ውኃ ለማትነን ስለሚያውለው ቀዝቅዞና ረጥቦ ይወጣል። እጅዎን መውጫው ላይ ቢይዙ እርጥበቱ ይሰማዎታል።

በየሁለት ሰዓቱ በሩን ይክፈቱ፣ ብቅሉን በእጅ ያገላብጡ፣ የታችኛውን መሳቢያ ወደ ላይ የላይኛውን ወደ ታች ይለዋውጡ። በነሐሴ እርጥበት ይህ ደረጃ ከ10 እስከ 14 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ጎህ ሲቀድ የጀመረ ሰው ይህን ደረጃ እስከ ማታ ይጨርሳል፤ ማታ ጀምሮ እሳቱን ለብቻው ትቶ መተኛት ግን አይሆንም።

መቼ እንደደረቀ ሰዓት ሳይሆን ቴርሞሜትሮቹ ይነግሩዎታል። የላይኛው ቀስ በቀስ እየጨመረ ወደ ታችኛው መጠጋት ሲጀምር የሚተነው ውኃ አንሷል ማለት ነው። ልዩነታቸው 5 ዲግሪ ያህል ሲሆን አንድ እፍኝ ያንሱና በመዳፍዎ ይሹ፤ ሥሩ ከተሰባበረ የመጀመሪያው ደረጃ አልቋል። ሥሩ ከተጠቀለለ ገና ነው፤ አይቸኩሉ።

አሁን እሳቱን ከፍ ያድርጉ። ሁለት ሰዓት ያህል በ55 ያቆዩት። ከዚያ በኋላ የሚሄዱበት ሙቀት ብቅሉ ለምን እንደሚውል ይለያያል። ለአረቄ ከሆነ እዚያው 55 ላይ እስኪያበቃ ይቆይ፤ የሚፈለገው የኢንዛይም ጉልበት ብቻ ነውና። ለጠላ 65 ዲግሪ ለሦስት ሰዓት ይበቃል። የጠላው ጥቁረትና የቆሎ መዓዛ የሚመጣው ከአሻሮውና ከቂጣው ነው፤ ብቅሉን አሳርሮ መልክ መፈለግ አያስፈልግም። ቢራ ለመጥመቅ የሚሞክር ሰው ካለ ደግሞ የእንፋሎት መውጫውን በግማሽ ከድኖ 80 ዲግሪ ለሦስት ሰዓት ያቆየው። የጥሬ እህል ሽታው የሚጠፋውና ጥሩው የብቅል መዓዛ የሚመጣው በዚህ ሙቀት ነው። የሰበታው ሜታን ጨምሮ ቢራ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ነጣ ያለ ብቅልም የሚያልፈው በዚህ አካባቢ ባለ ሙቀት ነው።

ሲጨርሱ ይመዝኑት። 15 ኪሎ የነበረው 9 ኪሎ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በቅቷል፤ 10 ኪሎ ከሆነ ውስጡ ገና ውኃ አለና ይመልሱት። ጥርስም ምስክር ነው፦ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ውስጡ ነጭ ዱቄት ነው፣ ምላስ ላይ ይጣፍጣል። የሚለመጥ ወይም መሐሉ እንደ መስታወት የሆነ ፍሬ ከበዛ ወይ አልደረቀም ወይ አልበቀለም።

እሳቱን አውጥተው በሩን ይክፈቱና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ሳይቀዘቅዝ ጆንያ ውስጥ የገባ ብቅል ላብ ያወጣል። ሲበርድ በጆንያ አሽተው ሥሩን ያራግፉና በሰፌድ ያንፍሱት። ሥሩ እንዲቀር አይተዉት፤ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ መራራ ጣዕምም አለው። ለላምና ለዶሮ ግን ጥሩ መኖ ነው፤ ፕሮቲኑ ብዙ ነው። ብቅሉን በክዳን በሚገጥም ዕቃ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። የሚፈጨው ጠላው ሊጠነሰስ ሲል ነው።

ስለ ገብሱ አንድ ቃል

ማድረቂያው የቱንም ያህል ቢያምር ያልበቀለውን አያበቅልም። ከገበያ የሚገዙት ገብስ ያረጀ ወይም ዝናብ የመታው ከሆነ ግማሹ ሳይበቅል ይቀራል። ከመንከርዎ በፊት 100 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሦስት ቀን ይያዙት፤ ከ95 በታች ከበቀለ ሌላ ይፈልጉ። ከገፈርሳ በአምቦ መንገድ ሲቀጥሉ የሚያገኙት የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ለብቅል የሚሆኑ የገብስ ዝርያዎችን ሲያወጣ የኖረ ተቋም ነው፤ ሆልከርና ሚስካል 21 የሚባሉትን በወልመራ ገበሬዎች ዘንድ ጠይቆ ማግኘት ይቻላል። ከነጋዴ ከሚገዙ ከገበሬው ቢገዙ፣ ገብሱ መቼ እንደተወቃም ያውቃሉ።

በበጋ ማድረቂያው አያስፈልግም። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ አየርና የከሰዓቱ ነፋስ በነፃ ይሠራልዎታል። ሰሌኑን መሬት ላይ ሳይሆን ቆጥ ላይ አንጥፈው በስሱ ያስጡት፣ ማታ ማታ ከውርጩ ያስገቡት። የፀሐይ ሙቀት ለጠላና ለአረቄ የሚበቃ ብቅል ያደርቃል።

ክረምት ለሚያስፈልገው ማድረቂያ ግን ግንባታው በግንቦት ይለቅ። ምርጊቱ ለመድረቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ እርጥብ ጭቃ ላይ የተነደደ እሳት ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ሲደርቅ ባዶውን አንድ ቀን ሙሉ በቀስታ ያንዱበት፣ ቀጥሎ በ10 ኪሎ ገብስ ይሞክሩት። ለእንቁጣጣሽ የሚሆነው ብቅል ነሐሴ ከመጋመሱ በፊት ደርቆ ዕቃው ውስጥ መግባት አለበት።